ኖር የማይባልበት ማሽን

ንጋት ሐጂ ሐምዳንን ልትገድላቸው የነበረው ስለምታከብራቸው ነው።

ሐጂ ሐምዳን ከወልድያ ጣውላ እየጫኑ ላሊበላ የሚመላለሱ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ጨዋታ የማያልቅባቸው ነጋዴ ናቸው። ከተማዋ በደረሱ ቁጥር መጀመሪያ ጎራ የሚሉት ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ከአያ አረጋ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። በዚያ ቀንም ጭነታቸውን ሊያራግፉ መጥተው፣ "እንደምን ዋላችሁ?" እያሉ በበሩ ሲገቡ ንጋት መላጊያ ማሽኑ ላይ ነበረች። ማሽኑ ወገብ የሚደርስ የብረት ጠረጴዛ ነው። መሐል ለመሐል በጠባብ ክፍተት ውስጥ ምላጮች ይሽከረከራሉ፤ የጎበጠ ጣውላ በላያቸው ሲገፋ ከሥሩ እየተላገ ቀጥ ይላል። ንጋት የያዘችው ጣውላ ግማሹ ምላጩን አልፏል፤ ግማሹ ገና ነው። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ማለት ደግሞ አፏን ሳትፈታ የተማረችው ነገር ነው። እናም ምንም ሳታስብ "ኖር!" አለችና ሁለት እጇን አነሣች።

ምላጩ ጣውላውን ነክሶ ወደ መጣበት ወረወረው። ጣውላው በሐጂ ክንድና ጎን መካከል አልፎ የበሩን መቃን መታና ደጅ ወደቀ።

አያ አረጋ ከጥግ ሮጠው ማሽኑን አጠፉ። ለጥቂት ጊዜ እያነሰ የሚሄደው የምላጩ ፉጨት ብቻ ተሰማ። ሐጂ ክንዳቸውን ዳሰሱ፤ ጎናቸውን ዳሰሱ፤ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ከዚያ ወደ ንጋት ዞሩ።

"ልጄ፣ ሰላምታሽ እንዲህ ከሆነ ስትጣዪ ምን ልትሆኚ ነው?"

ቫርኒሽ ቀቢዋ ውባንቺ ከድንጋጤዋ የተነሣ ሳቀች። ንጋት ግን አለቀሰች።

አያ አረጋ አልተቆጡም። የተቆጡ ቢሆን ይሻላት ነበር። ሐጂን ሻይ ጋብዘው ከሸኙ በኋላ የእጅ መላጊያ አምጥተው ፊቷ አስቀመጡና ማሽኑን እስኪፈቅዱላት ድረስ በዚያ እንድትሠራ ነገሯት። ንጋት በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት እንጨት ሥራ ተምራ የመጣች፣ መላጊያ ማሽን እንዴት እንደሚሠራ በፈተና ጽፋ ያለፈች ልጅ ናት። እንግዳ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም ፈትኗት አያውቅም።

"እዚህ ማሽን ላይ የቆመ ሰው ሞቷል ማለት ነው" አሏት አያ አረጋ አንድ ቀን። "ሙት ሰላም አይልም፤ አይነሣም፤ አይዞርም። ምላጩ ዝም ሲል ከሞት ትነሻለሽ። ያኔ የፈለግሽውን እግር ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ።"

ከዚያ በኋላ ማሽኑን መለሱላት፤ ግን ያስተማሯት እንደ ጨዋታ ነው። ጣውላ ስትገፋ ከኋላዋ ይመጡና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። "ኧረ ሰው ገብቷል፣ ምን ዓይነት ልጅ ናት!" ይላሉ። ውባንቺም ገባችበት፤ ብሩሿን እንደያዘች "ንጋት፣ እናትሽ መጥታለች!" እያለች ትጮህ ነበር። አንድ ጊዜማ "ቤትሽ እየተቃጠለ ነው!" ስትላት ንጋት ጣውላውን እስከ ጫፉ ገፍታ፣ ማሽኑን አጥፍታ፣ ምላጩ እስኪቆም ጠብቃ፣ "የተከራየሁት ቤት ነው፣ ባለቤቱ ያጥፋው" ብላ መለሰችላት። አያ አረጋ ያን ቀን እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያም አልፈተኗትም።

በዚህ መሐል ንጋት ሌላ ጉዳይ ነበራት። ምሥጋናው ሙጃ ከተማ ሒሳብ ያስተምራል። ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ መጋባትም ይፈልጋሉ። አባቱ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ከነአኩቶ ለአብ ወዲያ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ቃላቸው በአካባቢው የሚሰማ ካህን ናቸው። ደንቡ የታወቀ ነው፦ የወንዱ አባት ወደ ሴቷ አባት ሽማግሌ ይልካል። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ግን ልጅቱ ወንዶች መሐል ቆማ ማሽን ታንቀሳቅሳለች ሲባል ሰምተው፣ "ጠባይዋን በዓይኔ ሳላይ ሽማግሌ አልልክም" ብለዋል። ምሥጋናው ያለ አባቱ ፈቃድ አያገባም። ንጋትም ወዳልፈለጓት ቤት አትገባም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ቄሱ አንድ ቀን መጥተው በሚያዩት ነገር ላይ ነበር። መቼ እንደሚመጡ ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ሰው ሲነገረውማ ጠባዩን ያሳምራል።

የመጡት በማለዳ ነው። አያ አረጋ ምስማር ሊገዙ ወጥተዋል። ንጋት የትምህርት ቤት አግዳሚ የሚሆን ረዥም የጽድ ጣውላ ማሽኑ ላይ አጋድማለች። ነጠላዋን በር ላይ ሰቅላ፣ ፀጉሯን በሻሽ አጥብቃ አስራ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ፣ የማተቧን ክር ሸሚዟ ውስጥ ከትታለች። በሁለት እጇ መያዣ ያላቸውን የእንጨት መግፊያዎች ይዛ፣ ከጣውላው ጎን ቆማ፣ ቀስ እያለች ትገፋለች። ጽድ ቁጡ እንጨት ነው፤ ከቸኮሉበት ይሸረፋል።

ጣውላው መሐል ላይ ሲደርስ በዓይኗ ጠርዝ ነጭ ጥምጣም አየች።

ውባንቺ ብሩሿን ጥላ ስትነሣ አየች። ጎንበስ ብላ መስቀል ስትሳለምም አየች። ከጥምጣሙ ሥር ደግሞ ወደ ውጭ ዘንበል ያሉ ትልልቅ ጆሮዎች አሉ፤ የምሥጋናው ጆሮዎች ናቸው። ማን እንደገባ የሚነግራት አላስፈለጋትም። እግሯ ሊዞር ፈለገ፣ እጇም ሊነሣ ፈለገ። ያ ሁሉ የአያ አረጋና የውባንቺ ጨዋታ ባይኖር ኖሮ ትነሣ ነበር። ንጋት ግን ዓይኗን ከጣውላው ላይ ሳታነሣ መግፋቷን ቀጠለች።

ጫፉ ምላጩን አለፈ። ማሽኑን አጠፋች። ፉጨቱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ዝም አለ። መግፊያዎቹን አስቀምጣ ዞር ስትል በሩ ላይ ውባንቺ ብቻ ቆማለች።

"ሄዱ" አለች ውባንቺ።

"ምን አሉ?"

"ምንም። ጀርባሽን አዩ፤ እኔን አዩኝ፤ እንደገና ጀርባሽን አዩ። ከዚያ 'እግዚአብሔር ይባርካችሁ' ብለው ወጡ። ልከተላቸው ብል እርምጃቸው የወጣት ነው።"

ደጃፉ ላይ አንድ ያረጀ የጽድ ጣውላ ተደግፏል። ቄሱ በአህያ አስጭነው ያመጡት ነው፤ የመምጣታቸው ሰበብ መሆኑ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የመጻሕፍት መደርደሪያ እንዲሆን ይስተካከል ሊሉ አስበው፣ ሳይሉ ትተውት ሄደዋል።

ውባንቺ ጣውላውን ወደ ውስጥ እየጎተተች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስሚ፣ አላየሁዎትም በይ። ማሽኑ እንደሆን ይጮሃል፤ ፊትሽ ወደዚያ ነበረ። ማን ያውቃል?"

"አይቻቸዋለሁ እኮ።"

"ማየትሽንማ አንቺና እግዜር ታውቃላችሁ። ለእሳቸው ማን ይነግራቸዋል?"

ለንጋት ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ ነው ያስጨነቃት።

ማታ፣ ራት ሳይቀርብ፣ ምሥጋናው ደወለ።

"አባቴ ቤት ሲገባ ምሳውን እንኳ አልቀመሰም አሉኝ" አለ። "'ለመስቀል ጀርባዋን የሰጠች' እያለ ነው። ምን ሆነሽ ነው ንጋትዬ?"

"ጣውላ ላይ ነበርሁ።"

"እሱማ ገብቶኛል። እኔ ሁሉን አስተካክያለሁ፣ አትጨነቂ። 'አላየችህም፣ የማሽኑ ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል፣ ብታይህማ እግርህ ላይ ትወድቅ ነበር' አልሁት። ትንሽ በረድ አለ። አሁን አንቺም ስታገኚው እንደዚያው በይው።"

"ምሥጋናው፣ አይቻቸዋለሁ።"



"ታዲያ ለምን አልተነሣሽም?"

"ብነሣ ጣውላው እሳቸውን ነበር የሚያገኛቸው። በሩ ላይ ነበር የቆሙት። የሐጂ ሐምዳንን ነግሬህ አልነበር?"

"ነግረሽኛል። ግን እሱን ለአባቴ እንዴት ብለሽ ታስረጂዋለሽ? አላየሁም ማለት ምን ይጎዳል? አንድ ቃል ናት።"

"ዛሬ አላየሁም ልበል እሺ። ከተጋባን በኋላ አንድ ቀን ሌላ ጣውላ ላይ ሆኜ ይመጣሉ። ያኔስ? ደግሞ ላላይ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ዕውር ልሆን ነው?"

ምሥጋናው ተነፈሰ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁለቱን የሚወዳቸውን ሰዎች ለማስታረቅ ያገኘውን አጭር መንገድ ነው የያዘው። "እሺ እንግዲህ፣ እንደ ልብሽ" አለ በመጨረሻ፤ እንደ ልቧ እንዳልሆነ ግን ሁለቱም ያውቁታል።

እሑድ ዕለት አያ አረጋ ማንንም ሳያማክሩ፣ አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ሊያነጋግሩ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። ሥራ ቤቱ ዝግ ስለነበር ንጋትን ከቤቷ አስጠርተው ደጃፍ ላይ ቆመው ነገሯት።

"አፌን በቆረጠው! ደህና ጀምሬ ነበር። ሻይም ጠጥተናል። ከዚያ እንዲገባቸው ብዬ፣ 'አባቴ፣ እርስዎስ ቅዳሴ ከገቡ በኋላ ሰው ቢመጣ ዞረው ሰላም ይላሉ?' አልኋቸው።"

"ኧረ አያ አረጋ!"

"እኔ ለምሳሌ ነው ያልሁት! 'አረጋ፣ ሥጋ ወደሙን ከጣውላ ጋር ታመዛዝናለህ?' አሉኝና ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እኔም ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። በቃ።"

ንጋት ባያስቅም ሳቀች፤ አያ አረጋም እየተከፉ ሳቁ። "ብቻ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ጣውላቸውን ሊወስዱ ነው" አሉ። "እንዳለ ነው የምወስደው፣ መላግ አልፈልግም ብለዋል። እኔ እንዳትነሽ አልልሽም፤ ተነሽም አልልሽም። አንቺ ታውቂያለሽ።"

ቅዳሜ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶ ሲተም ቄስ ሰይፈ ሥላሴ መጡ። ማሽኑ ጠፍቷል። ንጋት ከሩቅ ስላየቻቸው ነጠላዋን አደግድጋ በሩ ላይ ወጥታ ተቀበለቻቸው፤ ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች። ቄሱ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አስነኩ፤ "ይባርክሽ" አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከጣውላው ላይ ነው።

"እሷን ጣውላ ልውሰድ።"

"አባቴ፣ እንዲህ ሆና መደርደሪያ አትሆንም። መጻሕፍቱ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታሉ። ከፈቀዱልኝ አሁኑኑ፣ ፊትዎ ልላጋት። ገበያው ገና ነው።"

ቄሱ ጣውላውን አዩት። በእርግጥ ጎብጧል፤ ጎኑም ጠመም ብሏል። ለመጽሐፍ የሚሆን ነገር ሲባል ልባቸው ትንሽ ላላ። "እሺ" አሉና በትራቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ።

ንጋት ነጠላዋን ሰቀለች፤ እጅጌዋን ጠቀለለች። ጣውላውን መጀመሪያ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ፊቱንም ጀርባውንም። አንድ ጥግ ላይ ጣቷ ቆመ። ጭንቅላቱ የተቆረጠ ምስማር ውስጥ ተቀብሯል። በጉጠት ይዛ ነቀለችውና ለቄሱ አሳየቻቸው።

"ይህ ምላጩን ቢያገኝ ኖሮ ፍንጣሪው ለዓይን አይመለስም ነበር።"

"ከአሮጌው በር የተረፈ ነው" አሉ ቄሱ። "አባቴ ነው በሩን የሠራው።" ምስማሩን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ ንጋት ጣውላውን ማሽኑ ላይ ስታጋድመው ቄሱ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። ጎድጓዳ ፊቱን ወደ ታች፣ ጉብታውን ወደ ላይ ነበር ያደረገችው።

"ተገልብጧል መሰለኝ" አሉ። "የሚላገው ጉብታው አይደለም?"

"ጉብታውን ወደ ታች ካደረግሁት እንደ ከበሮ ይንከባለልብኛል፤ ወዲያ ወዲህ እያለ አይስተካከልም። እንዲህ ሲሆን ግን በሁለት ጠርዙ ቆሞ ይረጋል፤ ምላጩ መጀመሪያ ጠርዞቹን፣ ቀጥሎ መሐሉን ያገኛል። በጉልበት መጫንም አያስፈልገውም። ብጫነው ለጊዜው ቀጥ ይላል፤ ስለቀው ተመልሶ ይጎብጣል።"

"እንደ ሰው ነዋ" አለች ውባንቺ ከጥግ። ቄሱ ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት።

ንጋት የእንጨቱን ጭረት አይታ አቅጣጫውን ለየች። አያ አረጋን በዓይኗ ጠየቀች፤ እሳቸውም ከቄሱ ጎን ቆሙ። ማሽኑ ተነሣ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ንጋት መግፊያዎቹን ጣውላው ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ ገፋች። የጽድ ሽታ ተነሣ፤ ሰጋቱራው ከሥር እየተጠቀለለ ረገፈ። ጣውላው ከባድ ነበር። ጫፉ ምላጩን አልፎ ወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ የንጋት የክንዷ ጅማት ተገተረ።

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትታገል ቆሞ የሚያይ ሰው አይደሉም። ሸክም ያየ ያግዛል፤ እሳቸው ያደጉት እንደዚያ ነው። አያ አረጋ ክንዳቸውን ለመያዝ ሳይደርሱ፣ ቄሱ ሁለት ረዣዥም እርምጃ ተራምደው ጣውላውን ከወዲያ በኩል ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። ሊስቡላት ነው።

"አይንኩ!"

ንጋት ራሷ ከዚያ በፊት እንዲያ ጮኻ አታውቅም። ካህን ላይ ቀርቶ በሬ ላይ እንኳ እንዲያ አይጮኽም። ቄሱ እጃቸው አየር ላይ እንደተዘረጋ ደረቁ። ንጋት ጣውላውን ሳታነሣ፣ ወደ ኋላም ሳትመልስ፣ ባለበት ይዛ በጉልበቷ ማጥፊያውን ገፋች። ፉጨቱ እያነሰ ሄደ። ውባንቺ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አያ አረጋ ወለሉን ያያሉ። ሽማግሌ መላኩም ቀረ፣ ሠርጉም ቀረ ብለው ነበር ሁሉም፤ ከሁሉም በላይ ንጋት።

ምላጩ ቆመ። ንጋት ዋናውን ማብሪያ ከግድግዳው አጥፍታ ተመለሰች።

"አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቀስ ብዬ ብናገር አይሰሙኝም ነበር።"

"ምን አጠፋሁ?" አሉ ቄሱ። ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ ግራ መጋባት ነበረበት።

"ለማገዝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያዩት።" ጣውላውን አነሣችና ክፍተቱን አሳየቻቸው፤ ምላጮቹ እንደ ውሻ ጥርስ ተደርድረዋል። መግፊያዋን ይዛ እጇን ከክፍተቱ ወዲህ አኖረች። "እጄ እዚህ ነበር። ክብደቴም እዚህ ነው። እርስዎ ከወዲያ በኃይል ቢስቡት ጣውላው ሳላስበው ይሄዳል፤ እጄም አብሮት ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ያዩታል።"

ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩ። ለረዥም ጊዜ አዩ። እጃቸውን ወደ ኋላቸው ወስደው በሌላኛው እጃቸው ያዙት።

"ማርያምን" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ "ያን ዕለት ስመጣም እንዲህ ነበርሽ?" ብለው ጠየቁ።

"ጣውላው መሐል ላይ ነበር።"

"ምሥጋናው አላየችህም ብሎኛል።"

ውባንቺ ከጥግ ዓይኗን ታፈጥባት ነበር፤ አላየሁም በያ፣ በያ እያለች። መንገዱ እዚያው ክፍት ነበር። ልጃቸው ጠርጎላታል።

"ምሥጋናው እንዳንጣላ ብሎ ነው" አለች ንጋት። "እኔ ግን አይቼዎታለሁ። ጥምጣምዎን አየሁ፤ ጆሮዎንም አየሁ። ማን እንደሆኑ አውቄ ነው ያልተነሣሁት። ብነሣ ጣውላው ወደ በሩ ነበር የሚወረወረው፤ በሩ ላይ ደግሞ እርስዎ ነበሩ። እዚያ ስለቆሙ ነው ያልዞርሁት።"

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ቀና አሉ። ሲዋሿቸው የኖሩ ሰው አይደሉም፤ ውሸት ግን ሲሰሙ ያውቃሉ፤ የልጃቸውንም ያን ዕለት በስልክ አውቀውት ኖሯል። ያላወቁት እውነቱ ምን እንደሆነ ነው።

"እስኪያልቅ ምን ያህል ይቆይ ነበር?"

"አባታችን ሆይ ብለው ሳይጨርሱ ያልቅ ነበር።"

"እኔ ያንን ያህል አልቆምሁም" አሉ ቄሱ። ለራሳቸው የተናገሩት ይመስላል። ቀጥሎ ወደ አያ አረጋ ዞሩ። "አረጋ፣ ይህንን ብታሳየኝ ኖሮ ያን ምሳሌህን ባልሰማሁ።"

"እኔስ ባልተናገርሁት፣ አባቴ!"

ቄሱ ማንም ሳያዛቸው ወደ ኋላ ሄደው ከግድግዳው ተጠጉ። ንጋት ማሽኑን አስነሣች። ጣውላው ከመጀመሪያው እንደገና ተላገ፤ ሁለተኛም ተላገ፤ ሦስተኛ ሲያልፍ ጎድጓዳው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ቄሱ ከግድግዳው ንቅንቅ አላሉም፤ እንዲያውም አንድ ገበያተኛ ዋጋ ሊጠይቅ ብቅ ሲል እሳቸው ናቸው እጃቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ያስቆሙት። "ዝም በል! ትሠራለች!" አሉት።

ምላጩ ዝም ካለ በኋላ ንጋት ጣውላውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ጠረገችው። ቄሱ መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር አሳለፉበት።

"ቤት ውስጥስ?" አሉ ድንገት።

"ምን አሉኝ?"

"ቤትሽ ስመጣስ ትነሻለሽ ወይ?"

"በቤቴማ ከደጅ ወጥቼ ነው የምቀበልዎ። እዚህ ግን፣ አባቴ፣ ነገም ቢመጡ ጣውላ ላይ ከሆንሁ አልነሣም። ሥራውንም አልተወውም።"

"ተዪ አላልሁሽም።" ጣውላውን ዳሰሱት። "አባትሽ ማን ይባላሉ?"

"ኢያቄም።"

"የእሳቸውስ አባት?"

ንጋት ልትመልስ አፏን ከፍታ ቆመች። ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። ሰው የአባቱን አባት እንዲህ በተራ የሚጠየቀው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥንዶቹ ሥጋ ዘመድ እንዳይሆኑ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጠረው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ነው። ውባንቺ የቫርኒሽ ቆርቆሮዋን ይዛ ቀርባለች፤ አያ አረጋ ምስማር የሚቆጥሩ መስለው ጆሯቸውን ጥለዋል።

"ንጉሤ" አለች ንጋት። "የንጉሤ አባት ገብረ ሕይወት።"

"የገብረ ሕይወትስ?"

ንጋት አሰበች። አባቷ በልጅነቷ ስንት ጊዜ አስቆጥረዋታል፤ አሁን ግን ስሙ ከምላሷ ጫፍ ላይ ጠፋ። ቄሱ ሳይቸኩሉ ጠበቁ። አልመጣላትም።

"አሸተን ማርያም አጠገብ የኖሩ ናቸው... ስማቸው..."

"ግድ የለም" አሉ ቄሱ በትራቸውን እያነሡ። "አባትሽ ያውቁታል። ሰዎቹ ሲመጡ ቆጥረው ይጠብቋቸው። እኔም የእኛን አስቆጥራለሁ።"

አያ አረጋ ጣውላውን ተሸክመው ወጥተው በቄሱ አህያ ላይ አሰሩላቸው። ንጋት በር ላይ ቆማ ነጩ ጥምጣም በገበያተኛው መሐል እየራቀ ሲሄድ አየች። ውባንቺ ጎኗን በክርኗ ወጋቻት።

"ካህን ላይ ጮኸሽ ባል አገኘሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በቀስታ ስናገር ኖሬ..."

"ወልደ ሐና!" አለች ንጋት።

"ማን ነው ደሞ እሱ?"

ንጋት ሻሿ ላይ ሰጋቱራ እንደተበተነ፣ ነጠላዋንም ሳትለብስ፣ ወደ መንገዱ ሮጠች። በግና ዶሮ የያዘው ገበያተኛ መንገድ ለቀቀላት። ቄሱ መታጠፊያው ላይ ሊሰወሩ ነው።

"አባቴ! ወልደ ሐና! የገብረ ሕይወት አባት ወልደ ሐና ናቸው!"

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ቄስ ሰይፈ ሥላሴም ቆሙ፤ አህያይቱን አስቆሙ፤ ስሙን ሰምተዋል። እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሦስት ጣታቸውን አጠፉ፤ አራተኛውንም ጨመሩበት፤ ከዚያ በሌላኛው እጃቸው ሦስት ጣት ዘርግተው ወደ እሷ አወዛወዙ። እስከ ሰባት የቀሩት ሦስቱስ ማለታቸው ነበር።

ንጋት መንገዱ መሐል ቆማ እየሣቀች ራሷን ነቀነቀች። ሌሎቹን አባቷን ትጠይቃለች።